አልከፈት ያለው የበዳሳ ቡጢ

መስታወት እየቆረጡ መሸጥ ማለት ውሸት እየቆረጡ መሸጥ ነው። ሰው ፊቱ ቆሞ ጸጉሩን ሲያበጥር እውነቱን ያየ ይመስለዋል፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ እንደሚመለስለት ልብ አይልም። እኔ ሃይደር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው ሱቄ ይህን ውሸት ስሸጥ ዘመኔን ፈጀሁ፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር። ሰው ሊያስገድል ሲል ያየሁት በጎረቤቴ በበዳሳ ቤት ነው። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ወሎዬ ገራገር ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ላይ ግን አላህ ትዕግሥት የሚባለውን አልፈጠረም። በዳሳ ከእኔም ይብስ ነበር። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የወደድኩት።

በዳሳ የሰሚት ልጅ ነው። የሰሚት ልጅ ስል፣ ሕንጻው ሳይቆም በፊት ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ የተወለደ ማለቴ ነው። ቀነኒሳ የሚባል አብሮ አደግ ነበረው፤ ቤታቸው አጥር ለአጥር፣ ማሳቸው ድንበር ለድንበር። መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ተወስዶ ሲሄድ ሁለቱም መገናኛ ወረዱ። ቀነኒሳ በሰሚት መስመር ሚኒባስ ያዘ፤ በዳሳ እዚያው መስመር ላይ ተራ አስከባሪ ሆነ። ሚኒባሱ ሲሞላ በቀኝ መዳፉ ጎኑን ሁለቴ ይመታል፣ ሹፌሩ ይነሳል። ሹፌሮቹ ዞረው አያዩትም፤ የመዳፉን ድምፅ ያውቁታል። እኛ ተሳፋሪዎችም እናውቀው ነበር።

ያን ቀን ክረምት ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰልፉ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተጎትቷል። እኔም ሰልፉ ላይ ነኝ። ቀነኒሳ ተራውን ጥሶ ከሁሉም ፊት ቆመና መጫን ጀመረ። በዳሳ ሮጦ ሄደ።

«ውጣ ከዚህ! ተራህ አይደለም!»

ቀነኒሳ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ምን አገባህ? የአባትህ መሬት መሰለህ?» አለው።

ይህ ቃል ለዚህ ሰፈር ልጅ አይባልም። የበዳሳ አባት መሬታቸው ከሄደ ወዲህ አንድ ክረምት እንኳ አልቆዩም፤ ቀነኒሳ ራሱ አስከሬናቸውን ተሸክሟል። ስድብ ጠፍቶ ነው? እናቱን ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

በዳሳ ቀኝ ክንዱን በመስኮቱ አስገብቶ ኮሌታውን ጨመደደውና በቴስታ አለው። አፍንጫው ሲሰበር ሰልፍ ላይ ሆነን ሰማነው። ደገመው፤ የፊት ለፊቱ መስታወት በደም ተረጨ። ከዚያ ኮሌታውን እየጠመዘዘ ያንቀው ጀመር። ረዳቱ ወርዶ ወገቡን ቢጎትተው አልነቃነቅ አለ። የቀነኒሳ ፊት ጠቆረ፤ ቀኝ እጁ ከወንበሩ ሥር ገባና ለሌባ ብሎ የሚያስቀምጣትን ገጀራ ይዞ ወጣ። የበዳሳ ክንድ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጋድሟል። አንዴ መታው። በዳሳ አልለቀቀም፤ እንዲያውም አጥብቆ ያዘው። ቀነኒሳ ዓይኑን ጨፍኖ ደገመ፣ ሠለሰ። በዳሳ ወደ ኋላ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ፤ እጁ የቀነኒሳ ኮሌታ ላይ ቀረች። ከዚያ ነው ጭኑ ላይ የወደቀችው። ተሳፋሪው እየተረጋገጠ ሲወርድ ቀነኒሳ ገጀራውን ጥሎ፣ «በዳሳ! በዳሳ!» እያለ ይጮህ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ሥጋ ቤት አልገባም።

የተቆረጠችውን እጅ ሐኪሞቹ መልሰው ሊቀጥሏት አልቻሉም። ፌናን የምትባለው የበዳሳ ሚስት ወስዳ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አስቀበረቻት። ቀነኒሳ ታሰረ። ሰፈሩም ነገሩ በዚሁ ያበቃ መሰለው።

አላበቃም፤ የተቀበረችው እጅ ተመለሰች። ቁስሉ ገና ሳይጠግ በዳሳ እጁ እንዳለ ይነግረን ጀመር። «አለች። ተጨብጣለች። ጥፍሬ መዳፌን እየበሳው ነው፤ ክፈቱልኝ!» ይላል። ምኑን እንክፈትለት? ጸበል ተወሰደ። ማስታገሻ ዋጠ። ሕመሙ ሲነሳበት ያገኘውን ይመታል፤ የቁም ሳጥኑን በር በርግጫ ገነጠለው፣ ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው፣ አንድ ቀን ፌናን ልታቅፈው ስትጠጋ ገፍትሯት ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ሄሊና የምትባል ትንሽ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ አባቷ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጠረጴዛ ሥር መግባት ለመደች። በዳሳ ይህን ያያል፣ ያለቅሳል፣ ተመልሶ ደግሞ ይጮኻል። ሰው እንዲህ በገዛ ቤቱ ሲፈርስ ማየት አንጀት ይበላል፤ እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ እናደዳለሁ።

ፌናን ወዲያ ወዲህ ስትል ሣባን አገኘች። ሣባ ቦሌ አንድ ማገገሚያ ቤት የምትሠራ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ እንደ ሌላው «የሌለ እጅ እንዴት ያማል?» ብላ አልሳቀችባትም። አንድ ቀን በዳሳንና ፌናንን አስከትላ ሱቄ መጣች፤ በቁሟ የምትቆም ደህና መስታወት ፈለገች።

«ምን ሊያደርግላችሁ?» አልኳት።

«ብሬን፣ አንጎላችን ማለቴ ነው፣ ከምንም በላይ ዓይንን ያምናል፣ ጋሽ ሃይደር። እጁ ቢሄድም የእጁ ሥዕል ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። በመጨረሻ የሚያውቃት ተጨብጣ ነው። ተከፈቺ ቢላትም ስትከፈት አያያትም፣ ስለዚህ አያምንም። ዓይኑን ትንሽ ትሪክ እናደርገዋለን፣ እንሸውደዋለን።»

የኔን ሥራ እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ የለም። በዳሳን በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። መስታወቷን ከደረቱ ፊት ጎኗን ወደ እሱ አድርገን አቆምናት፤ ቆራጣ ክንዱን ከጀርባዋ ደበቀ፣ ግራ እጁን ከፊቷ ዘረጋ። ወደ መስታወቷ ሲመለከት ሁለት እጅ አየ።

«መጣች» አለ። ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፤ ሁለቱም ተንቀሳቀሱ። ፌናን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አሁን ሁለቱንም እኩል ጨብጥ» አለችው ሣባ። «እሺ። ቀስ እያልክ ክፈት።»

ግራው መከፈት ጀመረ። በዳሳ አፉን ከፈተ፣ ትንፋሹ ወጣ። «እየተከፈተች ነው! ወላሂ በሉ፣ እየተከፈተች ነው!» አለ፤ የኔን መሐላ ነው የተዋሰው። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ድንገት ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ያመልጣል!»

«ማነው የሚያመልጠው?»

«ቀነኒሳ ነዋ! ይዤዋለሁ እኮ! ከለቀቅኩት ያመልጣል!»

በግራው ቡጢ መስታወቷን መታት። ደሙ ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ፣ ስብርባሪው ሣባ ጫማ ውስጥ ገባ።

«እብድ!» ብዬ ጮኽኩበት። «የቀረችህን አንዷንም ልትቆርጣት ነው?»

ደሙን እያንጠባጠበ ወጣ፤ ፌናን ተከተለችው። ያኔ ነው የገባኝ። በዳሳን የሚያመው ቡጢው ነው፤ ቡጢውን የማይከፍተው ደግሞ ቀነኒሳ ውስጡ ስላለ ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት በዳሳ ራሱ መጣና፣ «ሃይደር፣ ትልቅ መስታወት ቁረጥልኝ፤ ትከሻዬን የሚያሳይ» አለኝ። ልብ ገዛ ብዬ ደስ አለኝ። ካለኝ መርጬ ቆረጥኩለት፣ ተሸክሜ ቤቱ አደረስኩለት። ጩኸቱም ቆመ። ፌናን ሱቄ ድረስ መጥታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ሃይደር፤ እንቅልፍ ተኛን» ብላ መረቀችኝ። እኔም ጉራዬን ነዛሁ፤ የሰሚትን ሰው ሁሉ ያዳንኩ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ላየው ብቅ ስል በሩ ገርበብ ብሏል። በዳሳ መስታወቱ ጎን ቆሟል። ቆራጣው ከጀርባው፣ ግራው ከፊቱ፤ ግራው ገጀራ ይዟል። ያነሳል፣ ይሰነዝራል። መስታወቱ ውስጥ ቀኝ እጁ ያነሳል፣ ይሰነዝራል። ዓይኑን ከዚያች ከመስታወቷ እጅ ላይ አይነቅልም። ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ ገጀራውን ከሶፋው ጎን ያስቀምጣል፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ ይመዛል፣ ይሰነዝራል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት። አልዋሽም፣ ፈርቼዋለሁ።

«እጄን እያሠራኋት ነው። ሣባ አሠራት አላለችም?»

«ክፈታት ነው ያለችህ!»

«እምቢ አለቻ! ባዶ ስትጨብጥ ነው የምታመኝ። ይህን ስትይዝ ዝም ትላለች።» ገጀራውን አሳየኝ። «ቀነኒሳ በአመክሮ ሊፈታ ነው። ሽማግሌ ይልካል። እሺ እላለሁ። ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ እዚሁ እፊቴ ይንበረከካል።»

«ሄሊናንስ ማን ያሳድጋታል? አንተ ወህኒ፣ እሱ መቃብር፤ ልጅቷስ?»

«አሁንስ ማን እያሳደጋት ነው? ጠረጴዛው ነው የሚያሳድጋት» አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

ለፌናን ነገርኳት። ቤቱን በረበርን፣ ገጀራዋ የለችም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ወደ ኦቦ ደበሌ ሄጄ፣ «እባክዎ፣ ቀነኒሳን እዚህ ቤት አያምጡት፤ ሊገድለው ነው» አልኳቸው።

እሳቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሹ፣ «እኔ ባላመጣው መገናኛ ይገናኛሉ። እዚያ ሽማግሌ የለም። አንተ አጠገቡ ተቀመጥና እጁን ጠብቅ» አሉኝ።

ቀነኒሳ በተፈታ በሳምንቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። በዳሳ ኮት ለብሷል፤ የቀኙ እጅጌ ቆራጣውን ሸፍኖ ይወዛወዛል። ከሶፋው ጥግ፣ ቀኙን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ። እኔ በግራው ተሰየምኩ። ያለችው እጅ ግራ ናት፤ ብትነሳ ቀጨም አድርጌ ልይዛት ተዘጋጅቻለሁ። በቀኙ በኩል ማን ይፈራል? በቀኙ ምንም የለም።

ቀነኒሳ ገባ። አፍንጫው ጠሟል፣ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ገና የኔ ታናሽ ነው። የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። በዳሳ እግር ሥር ተንበረከከ።

«በድያለሁ» አለ። «አባትህን አንስቼ በድያለሁ። እጅህን ቆርጬ በድያለሁ። ሌት ተቀን እጅህ ኮሌታዬ ላይ ናት። ይቅር በለኝ።»

በዚህ አገር ወግ ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያነሳል። እስኪያነሳለት በዳዩ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ኦቦ ደበሌ፣ «በዳሳ፣ ልጄ፣ አንሳለት» አሉ።

የበዳሳ ጉንጭ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ ግራ እጁን በዓይኔ ጠፍሬ ይዣለሁ፤ ጉልበቱ ላይ ነች፣ አልተነቃነቀችም። ወደ ቀኝ ጎንበስ አለ። ትከሻው በሶፋውና በግድግዳው መሃል ገባ። ቀነኒሳ ቀና ብሎ አየው፤ ያችን ጎንበስ ማለት ያውቃታል፣ እሱም ያን ቀን ከወንበሩ ሥር እንዲሁ ነበር የተጎነበሰው። በዳሳ እመር ብሎ ተነሳ፣ ክንዱን ወደ ላይ ሰቀለ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አወረደው።

ድንጋዩ ከቀነኒሳ ማጅራት ላይ ወድቆ ወለሉን ሰነጠቀው። ቀነኒሳ እንደሚታረድ በሬ አጓርቶ በግንባሩ ተደፋ።

«አንገቴን! ቆረጠኝ! ደሜን ያዙልኝ፣ ደሜ!»

በሁለት እጁ ማጅራቱን አፍኖ ይንፈራገጣል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየቀደዱ ተረባረቡ። እጁን ፈልቅቀን አየን። ምንም የለም። ጭረት እንኳ የለም፤ የበዳሳ ኮት እጅጌ ነክቶት እንደሆነ ነው። መዳፉን እያሳየን፣ «የለም፣ አልደማህም» ብንለው ያየናል፣ መዳፉን ያያል፣ ተመልሶ ማጅራቱን ያፍናል። «ሞቋል፣ እየፈሰሰ ነው» ይላል።

በዳሳ ቆሞ የእጅጌውን ጫፍ ያያል። ግራ ገብቶታል። እኔም ያን ጊዜ ወደ ሶፋው ጥግ አየሁ። ገጀራዋ እዚያ ናት፤ እጀታዋ ወደ ላይ፣ ንጹሕ፣ ማንም ሳይነካት። ሞኙ በቀኙ በኩል ነው ያስቀመጣት! ያን ሁሉ ወር ቀኝ እጁ ስትመዛት በመስታወት ሲያይ ኖሮ፣ ለዚያች እጅ እንድትመቻት አድርጎ አስቀመጠላት። በሌለች እጅ መዝዞ፣ በሌለች እጅ መታው።

በዳሳም አያት። አሁን ግራው ነጻ ናት፤ እኔ ጠባቂው ደንግጬ ቀነኒሳ ላይ ተደፍቻለሁ። ዘወር ማለት ብቻ ነው የቀረው። እጁ ወደ እጀታዋ ሄደች። «በዳሳ!» ብዬ ጮኽኩ።

ጩኸቱን ሰምታ ሄሊና ከጓዳ ወጣች። ማንንም አላየችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ጠረጴዛው ሥር ገባችና ጆሮዋን በእጆቿ ደፈነች።

በዳሳ አያት። እጁ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ በጉልበቱ ወለሉ ላይ ወደቀና፣ «ሄሊ» አላት። «ነይ ውጪ። አልቋል።»

አልወጣችም።

«ሃይደር» አለኝ ሳይዞር፣ «ተከፈተች።»

«ምኗ?»

«እጄ። መታሁትና ተከፈተች። ባዶ ናት።» እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ያን ሁሉ ዘመን በብስጭት ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ሲያለቅስ ግን አላየሁትም፣ እኔም ከእሱ ጋር አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። ገጀራዋን ግን ሄጄ ተቀመጥኩባት።

ኦቦ ደበሌ አልተነሱም ነበር። በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«ቀነኒሳ፣ ተመትተሃል?»

«ተመትቻለሁ፣ አባቴ።»

«በየትኛው እጅ?»

ቀነኒሳ ማጅራቱን እንደያዘ ተነፈሰ። «በቀኙ። በቆረጥኳት።»

«በዳሳ፣ መትተሃል?»

«መትቻለሁ።»

«እንግዲያው ደም ተመልሷል። ደም ሁለቴ አይመለስም። ድንጋዩን ከፊቱ አንሳ።»

በዳሳ ድንጋዩን በግራው አንስቶ ከበሩ ውጪ አስቀመጠው። ሄሊና ከጠረጴዛው ሥር ሆና ስታየው ነበር። ሲመለስ እግሩን ያዘችው።

በዳሳ መገናኛ ተመለሰ። ሚኒባስ አሁን በግራ መዳፉ ይመታል፤ ሹፌሮቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ኋላ ለመዱት። እጁ አልፎ አልፎ ትመጣለች፣ ሲያዛጋ አብራው ትንጠራራለች፣ ግን ክፍት ናት ይላል።

ቀነኒሳ ግን ዳነ ማለት አይቻልም። ማጅራቱ ያቃጥለዋል፣ አንገቱ አልዞር ብሎት በእስፖኪዮ ወደ ኋላ ማየት አቃተው፣ ሚኒባሱን ለሌላ ሰጠ። ሐኪም ዘንድ ቢመላለስ ምንም የለህም ተባለ። እኔ በልቤ፣ እሰይ፣ ትንሽ ይቅመሰው ብዬ ነበር። ክፉ ነኝ።

በቀደም ዕለት በዳሳ ይህን ሰው ክንዱን ይዞ ሱቄ አመጣው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ ደነገጥኩ፤ እጄ ላይ ያለውን መስታወት ልጥለው ነበር።

«ሃይደር፣ ማጅራቱን አሳየው» አለኝ በዳሳ።

አንድ መስታወት ከፊቱ፣ አንድ ከኋላው አቆምኩ። ቀነኒሳ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ የማያውቀውን ማጅራቱን አየ።

«የታለ ቁስሉ?» አለው በዳሳ።

«የለም። አያለሁ፣ የለም። ግን ያመኛል።»

«አውቃለሁ። የለም ስትባል ይብሳል። እኔን ጠይቀኝ።»

የኋላውን መስታወት ወደ ጎን ገፍቶ ከኋላው ቆመና ግራ መዳፉን ማጅራቱ ላይ አሳረፈ። ቀነኒሳ በድንጋጤ ትከሻውን ሰበሰበ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«አትጨፍን» አለው በዳሳ። «ክፈትና እያት።»

ከፈተ። መዳፏ ቀስ እያለች ከጸጉሩ ሥር ወደ ትከሻው ትወርዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትወርዳለች። ቀነኒሳ ፊት ለፊቱ ያለውን መስታወት ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ።

«በዳሳ፣ ቀኝህ መሰለችኝ።»

እኔ ሥራዬ ነውና ላርመው አፌን ከፈትኩ። በዳሳ ከመስታወቱ ውስጥ አየኝና ዝም በል አለኝ በዓይኑ።

«እሷው ናት» አለው። «ዝም ብለህ እያት።»